ቀለም አልታየም

የሁለተኛ ዓመት የባዮኬሚስትሪ ላብ ነበር። የዕለቱ ሥራ ፕሮቲንን በቀለም መለየት ነው። የእንቁላል ነጭ በውሃ አቅጥነን ቱቦ ውስጥ ጨመርን። ላዩ ላይ ግላሻል (ውሃ የሌለበት ያህል ንጹሕ የሆነ) አሴቲክ አሲድ አደረግንበት። ከዚያ ቱቦውን ዘንበል አድርገን ኃይለኛውን ሰልፈሪክ አሲድ በግድግዳው ቀስ ብለን አወረድን። ማንዋሉ እንደሚለው ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ወይን ጠጅ ቀለበት መታየት አለበት። ጠበቅን። ወደ መስኮቱ ወስደን በብርሃን አየነው። ምንም የለም።

እስክሪብቶ የያዘችው ጓደኛዬ ያየችውን ጻፈች፦ «ቀለም አልታየም»። ሪፖርቱ ሲመለስ ያ መስመር በቀይ ተሰርዟል። ጎኑ ላይ «ማንዋሉን አንብቡ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማርካችንም ተቆርጧል። አጠገባችን ያለው ግሩፕ ቱቦ ከኛው በምንም አይለይም ነበር። እነሱ ግን «ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለበት ታይቷል» ብለው ሙሉ ማርክ ወሰዱ። በሳቅ አለፍነው።

አስተማሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም። ኬሚካሉ በመከራ የተገኘ ነው፣ ሰዓቱ አጭር ነው፣ በር ላይ ሌላ ሴክሽን ተሰልፎ ይጠብቃል። ይገባኛል። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። የከነከነኝ ማርኩ አይደለም። ያ ቱቦ የሆነ ነገር እየነገረን ነበር፤ ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። አሴቲክ አሲዱ ደግሞ ያን ቀን ማሸጊያው የተከፈተ አዲስ ጠርሙስ እንደነበር አስታውሳለሁ። ንጽሕናው ጠርሙሱ ላይ በትልቁ ተጽፎበት ነበር።

አሁን የምሠራው የምግብ ምርመራ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ለሥራ ብዬ ስለ አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች ናቸው) ታሪክ ሳነብ ያው ቀለበት ለሌሎች ተማሪዎችም አልመጣ ብሎ እንደነበር አገኘሁ። ቦታው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ነው፣ ጊዜው 1900 አካባቢ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) እዚያ ግን መስመሩን በቀይ የሰረዘው ሰው አልነበረም።

ስም ያላት፣ አካል የሌላት

ፕሮቲንን ፈጭቶ ከምን እንደተሠራ የማየት ሥራ ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ተሄዶበታል። በ1820 ፈረንሳዊው አንሪ ብራኮኖ ጄላቲንን በሰልፈሪክ አሲድ አፍልቶ የሚጣፍጥ ክሪስታል አገኘ። ስለጣፈጠው ስኳር መሰለው፤ ዛሬ ግላይሲን የምንለው አሚኖ አሲድ ነው። በ1846 ሊቢክ ከአይብ ታይሮሲንን አወጣ። በ1866 ሪትሃውዘን ከስንዴ ግሉቴን ግሉታሚክ አሲድን፣ በ1889 ድሬክሰል ኬዚን ከተባለው የወተት ፕሮቲን ላይሲንን። ዘዴው ይብዛም ይነስም አንድ ነው፦ ፕሮቲኑን በኃይለኛ ኬሚካል አፍልተህ ሰባብረው፣ ከዚያ ከሾርባው ውስጥ ክሪስታል የሚሆነውን ልቀም።

በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት እጅ የማትሰጥ ነገር ነበረች። የቆሽት ጭማቂ ፕሮቲንን ሲፈጭ በሚወጣው ፈሳሽ ላይ የክሎሪን ውሃ ሲጨመርበት ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ይመጣል። ይህን ቲደማንና ግሜሊን የተባሉ ጀርመኖች ከካምብሪጁ ታሪክ 70 ዓመት ገደማ ቀድመው አይተውታል። በ1874 ደግሞ አልበርት አዳምኪየቪች ፕሮቲን ከአሴቲክና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ወይን ጠጅ ቀለም እንደሚሰጥ አሳወቀ። የኛ ማንዋል ላይ ያለው ሙከራ የዚህ ሰው ነው። በ1890 ኖይማይስተር ለዚያች ባለ ሮዝ ቀለም ነገር ትሪፕቶፋን የሚል ስም አወጣላት። ስሟ በመጽሐፍ ገባ። እሷን ግን በእጁ የያዘ፣ በሚዛን የመዘነ፣ በጠርሙስ ያስቀመጠ አንድም ሰው የለም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ።

ለምን አልተገኘችም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ወደ ካምብሪጁ ክፍል እንግባ።

የጸዳው ጠርሙስ

ፍሬድሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስ ወደ ካምብሪጅ የመጣው በ1898 ነው፣ በፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰሩ በማይክል ፎስተር ጥሪ። ሥራው የፊዚዮሎጂ ተማሪዎችን የሰውነት ኬሚስትሪ ማስተማር ነበር። ጊዜ የተረፈው ሰው እንዳይመስላችሁ። ደመወዙ ስለማይበቃው ከመደበኛው ሥራ ውጭም ተማሪዎች ያስጠና ነበር። ይህን የምለው «ሰዓት የለም» የምትለው ምክንያት ለሱም ክፍት እንደነበረች ለማሳየት ነው።

በተግባር ትምህርቱ ላይ የአዳምኪየቪች ሙከራ ተሠራ። ቀለሙ አልመጣም። የተማሪ እጅ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ተማሪ ሲሳሳት ማን ይገረማል? ሆፕኪንስ ግን ከሥራ ባልደረባው ከሲድኒ ኮል ጋር ሆኖ ተማሪውን ትቶ አሲዱን መመርመር ጀመረ። ከተለያየ ቦታ የመጣ አሴቲክ አሲድ እየወሰዱ ሙከራውን ደጋገሙት። አንዱ ቀለም ይሰጣል፣ ሌላው አይሰጥም። የሚሰጠውን ወስደው አጣርተው ሲያጸዱት እሱም መስጠቱን ያቆማል።

እስቲ ይህን ቆም ብለን እንየው። ዕቃህን ባጸዳኸው ቁጥር ሙከራህ ይበላሻል። በኬሚስትሪ ትምህርት የተነገረን ሁሉ ተገልብጦ ቆመ ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየላቦራቶሪው ሲሠራ የኖረ ሙከራ የሚሠራው በአሴቲክ አሲዱ አልነበረም። የሚሠራው አሲዱ ውስጥ ተደባልቆ በሚገኝ፣ ማንም ባላስገባው ባዕድ ነገር ነው። እናቶቻችን ቢሰሙት አይደንቃቸውም ነበር። እርሾ ያልተረፈበት፣ ታጥቦ የነጣ ቡሃቃ ውስጥ ሊጥ ብታስቀምጥ እንዴት አድርጎ ያንን የለመድከውን እንጀራ ይሰጥሃል?

ባዕዱ ነገር ግላዮክሲሊክ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ሆፕኪንስና ኮል ይህን በ1901 አሳተሙ። ከዚያ ወዲያ በዕድል መሥራት ቀረ። ኦክሳሊክ አሲድን በሶዲየም አማልጋም ለውጠው ግላዮክሲሊክ አሲዱን ራሳቸው አዘጋጁ። ይኼ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሆፕኪንስ-ኮል ሪኤጀንት (መመርመሪያ ኬሚካል) ነው። በሱ ሲሠራ ቀለበቱ ሁልጊዜ ይመጣል፣ ፕሮቲኑ ትሪፕቶፋን ካለው። ከሌለው አይመጣም። ጄላቲን ለምሳሌ ምንም ብታደርገው ቀለም አይሰጥም፣ ትሪፕቶፋን የለውማ።

የኛም ቱቦ የከሸፈው በዚሁ ምክንያት ነበር ብዬ መማል አልችልም። አዲሱ ጠርሙስ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር እስቃለሁ። ምናልባት ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ብቸኛው እውነት ያ በቀይ የተሰረዘው መስመር ይሆናል።

ሆፕኪንስ ለምን አላለፈውም? ብዙ አስቤበታለሁ። አንዱ መልስ ተፈጥሮው ነው። በ17 ዓመቱ፣ ጠላቱ ላይ ከኋላው ትነት ስለሚተኩስ ጥንዚዛ ጽፎ ያሳተመ ልጅ ነው። ሁለተኛው የሚመስለኝ ግን የቀድሞ ሥራው ነው። ሐኪም ከመሆኑ በፊት ለንደን ውስጥ ጋይስ ሆስፒታል ለቶማስ ስቲቨንሰን ረዳት ነበር። ስቲቨንሰን የመንግሥት የመርዝ መርማሪ ነው። በመርዝ ተገድሏል የተባለ ሰው ናሙና እሱ ጋ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ «አልታየም» የሚል ቃል የሰው አንገት ያድናል፣ ወይም ያስቀጣል። ሪኤጀንትህ ራሱ ንጹሕ ነው ወይ ብለህ ሳትጠይቅ ፍርድ ቤት አትቀርብም። እዚያ ያደገ እጅ ባዶ ቱቦን ዝም ብሎ የሚያፈስ አይመስለኝም።

አሲዱ የሚያጠፋት

አሁን ወደ ጥያቄው። ያን ሁሉ ዘመን ለምን አልተገኘችም?

ኬሚስቶቹ ፕሮቲንን የሚሰባብሩት በዋናነት በሚፈላ ኃይለኛ አሲድ ነበር። ትሪፕቶፋን ውስጥ ኢንዶል የሚባል ቀለበት አለ። ያ ቀለበት የሚፈላ አሲድ አይችልም። ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች ከማሰሮው በደህና ሲወጡ እሷ ተበላሽታ ጥቁር ዝቃጭ ትሆናለች። እንግዲህ የሚፈልጓትን ነገር የሚያጠፋት የሚፈልጉበት መንገድ ራሱ ነበር። አንድ ሺህ ጊዜ ብታፈላ አንድ ሺህ ጊዜ ታጣታለህ፣ ከዚያ «የለችም» ብለህ ትጽፋለህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ግን የሚለቀምም አልተረፈም።

ሆፕኪንስና ኮል ማሰሮውን ትተው ወደ ቆሽት ሄዱ። ትሪፕሲን፣ ሆዳችን ውስጥ ሥጋና እንቁላል የሚፈጨው ኢንዛይም፣ አሲድም እሳትም አይፈልግም። በሰውነት ሙቀት፣ በቀናት፣ ቀስ እያለ ይሠራል። ኢንዶሏን አይነካትም። የወተት ኬዚንን ወሰዱ፣ ከቆሽት በተገኘው ኢንዛይም አስፈጩት። የተፈጨው ፈሳሽ የሁሉም አሚኖ አሲድ ድብልቅ ነው። ከኬዚን ውስጥ የሷ ድርሻ ደግሞ ከመቶ 2 እንኳን አይሞላም። በዚያ ሾርባ ውስጥ እሷን ብቻ እንዴት ትለያለህ?

እዚህ ላይ ነው የዚያ የከሸፈ ሙከራ ዋጋ የሚታየው። አሁን በእጃቸው አስተማማኝ ቀለም አለ። ፈሳሹን በአንድ መንገድ ይከፍሉታል። ከዝቃጩም ከተረፈው ውሃም ጠብታ ወስደው በግላዮክሲሊክ አሲድ ይፈትናሉ። ቀለም ያሳየውን ያስቀምጣሉ። ያላሳየውን ይደፋሉ። ከዚያ ያስቀመጡትን እንደገና ይከፍላሉ። ልብ በሉ፣ እዚህ ሥራ ውስጥ «ታየ» እና «አልታየም» እኩል ዋጋ አላቸው። የትኛውን እንደምትደፋ የሚነግርህ «አልታየም» ነው። እሱን ካላመንከው እያንዳንዱን ጠርሙስ ይዘህ ትቀራለህ።

እየፈተኑ ሄደው ጥሩ መያዣ አገኙ፦ በሰልፈሪክ አሲድ የሟሟ የሜርኩሪ ሰልፌት። እሱ ሲጨመር ትሪፕቶፋን ከሜርኩሪው ጋር ተጣብቃ ትዘቅጣለች። ዝቃጩን አጥበው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያሳልፉበታል። (ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ማለት ነው። ሽታውን የሚያውቅ ያዝንላቸዋል።) ሜርኩሪው ጥቁር ሰልፋይድ ሆኖ ሲወጣ እሷ ውሃው ውስጥ ትቀራለች። ውሃው ሲተን የሚያብረቀርቁ ስስ ክሪስታሎች ይወርዳሉ። ለአሥራ አንድ ዓመት ስም ብቻ የነበራት ነገር አሁን ልትመዘን ቻለች። በ1901 መገኘቷን አሳተሙ።

ኬሚስትሪውን ለሚወድ፦ ወይን ጠጁ ቀለም የሚመጣው ግላዮክሲሊክ አሲዱ ከኢንዶሉ ጋር ሲያያዝ ነው። ሰልፈሪክ አሲዱ ያያይዛቸዋል። ያው ኢንዶል ነው በአሲድ ማሰሮው የሚጠፋው፣ ያው ኢንዶል ነው ቀለሙን የሚሰጠው።

የዊልኮክ አይጦች

ክሪስታሉን ይዞ መደሰት ይቻላል። ሆፕኪንስ ግን ቀጥሎ የጠየቀው ሌላ ነው፦ ሰውነት እሷን ካጣ ምን ይሆናል?

ጥያቄው ሥር ነበረው። ፓሪስ ውስጥ ከአጥንት የተቀቀለ ጄላቲን ለድሆችና ለሆስፒታል በሽተኞች በሥጋ ምትክ ይሰጥ ነበር። ርካሽ ነው፣ ፕሮቲን ነው፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ፈረንሳዊው ሐኪም ማዣንዲ የመራው ኮሚሽን ውሾችን በጄላቲን ብቻ መግቦ ውጤቱን በ1841 አቀረበ። ውሾቹ በሱ መኖር አልቻሉም። ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ ማንም ሊያስረዳ አይችልም ነበር። ፕሮቲን ሁሉ እኩል አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላ «አልታየም» ሆኖ ስድሳ ዓመት ቆየ።

በ1906 ኢዲት ዊልኮክና ሆፕኪንስ አይጦችን በዜይን መገቡ። ዜይን የበቆሎ ዋናው ፕሮቲን ነው፣ ትሪፕቶፋን የለውም። ሌላው ሁሉ የተሟላላቸው አይጦች ከሱ፣ ቀጥሎም ሞቱ። ምግባቸው ላይ ትሪፕቶፋን የተጨመረላቸው ግን በግልጽ ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ፣ ንቁም ነበሩ። ዜይን ውስጥ ቀድሞም ያለው ታይሮሲን ሲጨመርላቸው እንዲህ ያለ ለውጥ አልመጣም። ስለዚህ ጉዳዩ የመጠን አይደለም፣ የዓይነት ነው። (የዊልኮክን ስም ብዙ ሰው አያነሳውም። ወረቀቱ ላይ ግን ስሟ መጀመሪያ ነው የተጻፈው።)

ሙሉ መልስ እንዳልሆነም ደብቀው አላለፉም። ትሪፕቶፋን የተጨመረላቸው አይጦች ኖሩ እንጂ አላደጉም። «አላደጉም» የሚለው ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ቀረ። በ1914 አሜሪካ ውስጥ ኦስቦርንና ሜንደል ያንን ክፍተት ይዘው ሄዱ። ዜይን ላይሲንም የለውም። ሁለቱንም ጨመሩ፣ አይጦቹ አደጉ።

ከዚህ ወዲያ መንገዱ ወደ ሰው ይሄዳል። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች በቆሎ የሚበሉ ድሆችን ቆዳቸውን እየላጠ፣ አእምሯቸውን እየነሳ የጨረሳቸው ፔላግራ መጀመሪያ ተላላፊ ተብሎ ነበር። ሐኪሙ ጆሴፍ ጎልድበርገር ከምግብ መሆኑን አሳየ። በኋላ ኒያሲን የሚባለው ቫይታሚን ማነስ ተባለ። በ1945 ደግሞ ሰውነት ከትሪፕቶፋን ኒያሲን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ሥራ ወጣ። በቆሎ ሁለቱን ነው የሚያሳጣው፦ ኒያሲኑ ሰውነት በቀላሉ በማያገኘው መልክ ታስሮ የተቀመጠ ነው፣ የሚሠራበት ትሪፕቶፋንም ትንሽ ነው።

ወደ ቤታችን ሲመጣ ይኼ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በቆሎ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ በምርት መጠን ከሁሉም እህል የሚበልጠው ነው። በ1964 አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ላይሲኑና ትሪፕቶፋኑ ከተራው በቆሎ እጥፍ ገደማ የሆነ ዘር ተገኘ። ከሱ በብዙ ድካም የተሻሻሉት ዝርያዎች እኛም ጋ ደርሰዋል፤ የመጀመሪያው የተለቀቀው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ንፍሮ ላይ በቆሎውን ከባቄላ ጋር የሚቀቅል ሰው ደግሞ ላይሲኑን ከባቄላው እያገኘ ነው፣ ስሙን ባያውቀውም።

ሰረዟ

በኛ ላብራቶሪ የሕፃናት ምጥን የሚያመርቱ ሰዎች ዱቄታቸውን ለአሚኖ አሲድ ምርመራ ያመጣሉ። የተለመደው ዘዴ ዛሬም የብራኮኖ የልጅ ልጅ ነው። ናሙናው 6 ኖርማል ጥንካሬ ባለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ፣ ለ24 ሰዓት ይፈላል። ከዚያ ማሽን ይቆጥረዋል። ትሪፕቶፋን በመንገድ ላይ ትጠፋለች፣ ልክ ያኔ እንደጠፋችው። ስለዚህ ውጤቱ ላይ በስሟ ፊት ለፊት ሰረዝ ይደረጋል።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ውጭ አገር የተሠራ ምርመራ ነው። «የኔ ልጅ፣ ይቺ ሰረዝ ምንድን ናት? የለም ማለት ነው?» አሉኝ። አማካሪያቸው ዜሮ ነው ብሏቸው ሊያክሉበት ሌላ ዱቄት እየፈለጉ ነበር።

«አይ እትዬ፣ አልተለካም ማለት ነው» አልኳቸው። አስረዳኋቸው። ትሪፕቶፋንን ለመለካት ናሙናው በአሲድ ሳይሆን በአልካላይ (በአሲድ ተቃራኒ) ለብቻው መፈጨት አለበት። ሌላ ቀን ይወስዳል፣ ሂሳቡም ለብቻው ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። በየመመሪያው፣ በየሪፖርቱ ያቺ ሰረዝ ሰልፍ ይዛ አያታለሁ። አንዳንዱ ጽሑፍ ውስጥ ከሰንጠረዥ ወደ ሰንጠረዥ ስትገለበጥ 0 ሆና ትወጣለች፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ሰረዝና ዜሮን አንድ ማድረግ ያን ያህል ቀላል ስህተት ነው፣ ያን ያህልም ውድ።

እትዬ ትንሽ አሰቡና ሂሳቡን ጠየቁ። ምጥናቸው ግማሹ በቆሎ ነው። እንደኔ ከሆነ በቆሎ የበዛበት የሕፃን ምግብ ላይ ከላይሲን ቀጥሎ መለካት ያለበት ትሪፕቶፋን ነው። ናሙናውን አስቀምጠው ሄዱ፤ በአልካላይ የሚሠራውን ፎርም ሞላሁላቸው።